ቀይ ቀበሮ አሸንዳ ሲልስ ብናኝ ያራክባል ወይስ ወለላ መቅመስ ብቻ ነው? (ሳይንት፣ ደቡብ ወሎ)

ቦሩ ሜዳ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በ2024 ከባሌ ተራሮች የወጣውን ጥናት ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ቀይ ቀበሮ ከላዩ ቀይ፣ ከታቹ ቢጫ የሆነውን አሸንዳ (ኒፎፊያ ፎሊዮሳ) እየዞረ ወለላውን ሲልስ፣ አንዳንዱም በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ሲያዳርስ ተመዝግቧል። አፍንጫውም በብናኝ ተለውሶ ይታያል። ስሙ በየቀዬው ስለሚለያይ ግራ እንዳያጋባን እኔ አሸንዳ ብዬዋለሁ።

ይህንኑ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ በኩል ባለው የጓሳ ሜዳ ልፈትሽ አስቤያለሁ። ያለኝ 8 ካሜራ ትራፕ (እንስሳ ሲያልፍ በራሱ የሚቀርጽ ካሜራ)፣ አንድ ረዳትና ሦስት ወር ነው። ካሜራው ከአበባው ምን ያህል ይራቅ? ቀበሮው በእርግጥ ብናኝ እንደሚያራክብ ለማሳየት አበባውን በመረብ መሸፈን ይበቃል? ስንት አገዳስ ልያዝ? እህታችሁን አግዙ።

ፍልፈል፦
አብሽሪ እህታለም፣ የሚሠራ ነገር ነው፤ ግን ጥያቄሽ አንድ መስሎ ሦስት ነውና መጀመሪያ ለያይው። ቀበሮው አበባውን ይጎበኛል ወይ? ብናኙን ይዞ ወደ ሌላ ተክል ይሄዳል ወይ? በዚያ ብናኝ ዘር ይቋጠራል ወይ? የባሌው ጥናት የመጀመሪያውን በደንብ አሳይቷል፤ ለሁለተኛው የተለወሰው አፍንጫ ፍንጭ ይሰጣል። ስለ ሦስተኛው የተባለው «ሊሆን ይችላል» ብቻ ነው። ካሜራ ደግሞ መቶም ቢሆን ከመጀመሪያው ጥያቄ አያሻግርሽም። ርእስሽ ላይ «ያራክባል» ብለሽ ከጻፍሽ ፈታኞችሽ እዚያችው ቃል ላይ ነው የሚይዙሽ።

ወደ ካሜራው ልምጣ። ዳሳሹ የሚነቃው የሙቀት ልዩነትና እንቅስቃሴ ሲገጣጠሙ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያሞቀው ጓሳ ነፋስ ሲያወዛውዘው ለካሜራው እንስሳ ነው፤ ጠዋት ባዶ ያስገባሽው ካርድ ማታ በሣር ቪዲዮ ታጭቆ ይጠብቅሻል። ፊቱን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙሪው፤ ምሥራቅና ምዕራብ ካየ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያሳውረዋል። ከፊቱ ያለውን ጓሳ አትጨጂ፣ ባለቤት አለው። ጎንበስ አድርገሽ በሲባጎ እሰሪው፣ ስትነሺ ፍቺው።

ከመሬት 50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ከአገዳው 2.5 እስከ 3 ሜትር አድርጊው። ከዚያ ከቀረበ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ሌሊት ደግሞ የካሜራው የራሱ ብርሃን አበባውን ነጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ፎቶ ሳይሆን የ20 ወይም የ30 ሴኮንድ ቪዲዮ ምረጪ፤ አፍንጫ አበባው ላይ ያረፈበት ፎቶ ማሽተትን ከመላስ አይለይልሽም። ባትሪው ሊቲየም ይሁን። ተራው አልካላይን አመዳይ በሚጥልበት ሌሊት ጉልበቱ ይወርድና ካሜራው ልክ ቀበሮው በሚወጣበት ንጋት ላይ ይተኛል። ረዳትሽ በየ7 ቀኑ ካርድ ይቀይር።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ፦ ሰዓትና ቀን። ካሜራው ላይ 08:00 ያለው በረዳትሽ ደብተር «2 ሰዓት» ተብሎ ይገባል፤ ካሜራው በፈረንጅ ቀን፣ ደብተሩ በእኛ ቀን ይሄዳል። ከሦስት ወር በኋላ ሁለቱን ስታጋጥሚ ግማሹ ጉብኝት በስድስት ሰዓት ተንሸራቶ ታገኚዋለሽ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር በ24 ሰዓት አቆጣጠርና በአንድ ዓይነት ቀን ይጻፍ። ካርድ በተቀየረ ቁጥር የስልክሽን ሰዓት ለካሜራው አሳይተሽ አንድ ቪዲዮ ቅረጪ፤ ስህተት ቢኖር በእሷ ታርሚዋለሽ።

«ጉብኝት» የምትይውንም አሁኑኑ ወስኚ። ምላስ ወይም አፍንጫ የተከፈተ አበባ ከነካ ጉብኝት ነው። አሽትቶ ካለፈ ለብቻ፣ አበባውን ነክሶ ከበላ ደግሞ ለብቻ ይመዝገብ። የሚበላ እንስሳ ለተክሉ ጠላት እንጂ አራካቢ አይደለም።

አስታ ሥር፦
ፍልፈል ሁሉን ብሎታል፤ እኔ ስለ መረቡ ብቻ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

አበባውን ሸፍኖ ካልተሸፈነው ማወዳደር ቀበሮን ከወፍ አይለይም። አሸንዳ ላይ ዋነኞቹ እንግዶች እነዚያ ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ ወለላ መጣጭ ወፎች ናቸው፣ ንብም አለች። መረብ ብታለብሺው ሁሉንም ትከለክያለሽ፤ ዘር ቢቀንስ «ቀበሮ ስላልመጣ» ልትይ አትችይም። ቢያንስ አምስት ዓይነት አያያዝ ያስፈልግሻል። አንደኛው ክፍት። ሁለተኛው ምንም የማያስገባ፤ ለዚህ የሙሽራ ቬሎ የሚሠራበት ቱል ጨርቅ ደሴ ገበያ ላይ በሜትር ይሸጣል፣ ከእሱ የሚሻል የለም። ላስቲክ እንዳታለብሺው፣ ውስጡ ያልብና አበባው ይሻግታል። ሦስተኛው ንብ የሚያስገባ፣ ወፍ የማያስገባ፤ ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ። አራተኛው፣ ቁም ነገሩ ያለበት፣ ወፍ አስገብቶ ቀበሮን የሚከለክል። ለዚህ ቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሽቦ ከአገዳው በየአቅጣጫው 30 ሳንቲ ሜትር አርቀሽ እንደ ጎጆ አቁሚ። የቀይ ቀበሮ አፍ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሽቦው ከአበባው ከተጠጋ አፍንጫውን በቀዳዳው ሰዶ ይልሳል። ወፎቹም ሽቦውን ፈርተው ሊቀሩ ስለሚችሉ በእርግጥ እየገቡ መሆኑን በርቀት በመነጽር አረጋግጪ። አለዚያ የለካሽው የወፍን ፍርሃት ነው። አምስተኛው በእጅ የሚራከብ፤ በሰው እጅ በቂ ብናኝ ሲያገኝ ስንት ዘር እንደሚይዝ ታውቂበታለሽ።

ለእጁ ሥራ ብናኙን ቢያንስ 10 ሜትር ከራቀ ተክል አምጪ። አሸንዳ ከሥሩ እየተባዛ በአንድ ቦታ ችምችም ብሎ ስለሚበቅል፣ ጎን ለጎን የቆሙ አምስት አገዳዎች አንድ ተክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሲቆጠሩም አምስት ሳይሆኑ አንድ ናቸው። አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ቢጫ የሆነው ተከፍቷል፣ ቀዩ ገና እንቡጥ ነው። ስለዚህ መረቡ የመጀመሪያዋ ከመከፈቷ በፊት መልበስ አለበት። ሁለት ቀን ከዘገየሽ የታችኛው ረድፍ ተጎብኝቶ አልቋል።

እያንዳንዱን አገዳ በችካል ደግፊው፤ መረብ የለበሰ አገዳ በረዶ ሲጥል ወገቡ ይሰበራል። ፍሬው ባለ ሦስት ክፍል ነው፣ ደርቆ ሳይፈነዳ ልቀሚው። ወለላ መለካት ካማረሽ ደግሞ አበባውን ማታ ሸፍነሽ በማግስቱ ማታ ጫፏ በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ሳቢ፣ ስኳሩን በእጅ ሪፍራክቶሜትር እዪው። ዝናብ የገባበትን አበባ ተዪው፣ ውሃ ነው የምትለኪው።

ቁጥር ቆጣሪ፦
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፤ ግን ማንም ስሌቱን አልነገረሽም። ከ100 አገዳ 2ቱን ቀበሮ ይጎበኛል እንበል። ለእያንዳንዱ አያያዝ 30 አገዳ ብትይዢ በክፍቱ ውስጥ የምትጠብቂው የተጎበኘ አገዳ 0.6 ነው። አንድ እንኳ አይሞላም! በዚያ ላይ ወፍና ንብ ቀኑን ሙሉ እየሠሩ ናቸው። በክፍቱና በአራተኛው መካከል ልዩነት ባታገኚ «ቀበሮ አያራክብም» ማለት አይደለም፤ ቁጥርሽ አልበቃም ማለት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። የወሎው መንጋ ጥቂት ነውና ባሌ ላይ የታየውን ድግግሞሽ እዚህ አትጠብቂ።

ስለዚህ እኔ ብሆን ጥያቄውን አጠበው ነበር፦ «ቀይ ቀበሮ አሸንዳ ያለበትን ቦታ መርጦ ይመጣል ወይ?» 8ቱን ካሜራ በ4 ጥንድ ክፈያቸው። አንዱ አሸንዳ ፊት፣ አንዱ ከዚያው 100 ሜትር ርቆ አሸንዳ በሌለበት ጓሳ ላይ፤ ከፍታውም፣ የፊቱ አቅጣጫም፣ ከመንገድና ከቤት ያለው ርቀትም ተመሳሳይ ይሁን። ጥንድ ማድረጉ ለምን? ከብት አሸንዳን አይነካም። ስለዚህ ከመጠን በላይ በተጋጠ ሜዳ ላይ ይበዛል፣ እዚያ ደግሞ ሰውና ውሻ ስለሚበዛ ቀበሮ ይሸሻል። አበባው የተንጣለለበትን ብቻ መርጠሽ ካሜራ ብትተክዪ «አበባ ሲበዛ ቀበሮ ይቀንሳል» የሚል የተገለበጠ ውጤት ይዘሽ ትመለሻለሽ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የተደጋገመውን እንደ አንድ ቁጠሪ፤ አንድ ቀበሮ አሥር ጊዜ ቢመላለስ አሥር ቀበሮ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር በሦስት ወር የሚያልቅ ሥራ ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ። በ2015 ከመንዝ ጓሳ የወጣው ጥናት ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ጭላዳ በሌለበት ግን 25 በመቶ ብቻ ብሏል። ጭላዳዎቹ አይጡን ከሣሩ ስለሚያስበረግጉት ይሁን ወይም ቀበሮው በመሃላቸው ስለማይታይ አልተለየም። ሳይንት ላይ በግና ከብት መሃል ተመሳሳይ ነገር ይኖር እንደሁ ለማየት የሚያስፈልግሽ መነጽር፣ የእጅ ሰዓትና ትዕግሥት ነው። አንድ ቀበሮ ትከተያለሽ፣ እያንዳንዱን ዝላይ ያዘ ወይ ሳተ ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ በየ5 ደቂቃው በቅርብ ያለው መንጋ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ትመዘግቢያለሽ። አንድ ቀን ብቻውን በርካታ ሙከራ ይሰጥሻል፤ አበባው ሳምንት ጠብቀሽ አንድ ላይሰጥሽ ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጪ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሳትይዢ አትውጪ፤ ለእረኞቹም ካሜራው ምን እንደሆነ አስቀድመሽ አሳያቸው። ውሻ ይዞ መሄድ አይታሰብም፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ ቀይ ቀበሮ ጨርሷል። ቀበሮ ለመሳብ አበባ ላይ ማር መቀባትም እንዲሁ። ያኔ የምታጠኚው ማሩን ነው።

ቦሩ ሜዳ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። 0.6ቱን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ጥንድ ካሜራውን ዋና አደርገዋለሁ፤ ከመረቡ ደግሞ ቱሉን፣ ክፍቱንና በእጅ የሚራከበውን ብቻ እይዛለሁ፣ ያለ ጎብኚ ዘር ይይዝ እንደሁ እንኳ ልወቅ። አንድ ቀረኝ፦ ሌሊት ቪዲዮው ጥቁርና ነጭ ነው። ቀይነቱ ካልታየ ቀይ ቀበሮን ከውሻና ከተራው ቀበሮ በምን ልለይ?

ፍልፈል፦
ጥሩ ቆረጥሽ። ሌሊት ቀለሙን እርሺውና ንጣቱን ፈልጊ፦ ጉሮሮና ደረቱ ላይ ያለው ነጭ በካሜራው ብርሃን ቦግ ብሎ ይታያል። ጅራቱ ቁጥቋጦ ነው፤ ከመነሻው በታች በኩል ነጭ፣ ጫፉ ጥቁር። ተራው ቀበሮም የጅራቱ ጫፍ ስለሚጠቁር በእሱ ብቻ አትፍረጂ፤ እሱ እግሩ አጠር፣ አፉ ወፈር ያለ ነው፣ የጉሮሮው ንጣትም እንደ ቀይ ቀበሮው አይለይም። ውሻ ጅራቱን ወደ ላይ ሲቆለምም ብዙ ጊዜ ራሱን ያጋልጣል። ካሜራውን ስትተክዪ አገዳው አጠገብ በየ10 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያለበት ዘንግ አቁመሽ አንድ ቪዲዮ ውሰጂና ንቀዪው፤ በኋላ የትከሻውን ቁመት በዚያ ትገምቻለሽ። ለቀይ ቀበሮ ከ53 እስከ 62 ሳንቲ ሜትር ነው።

ቪዲዮውን አንቺና ረዳትሽ ሳትነጋገሩ ለየብቻ እዩት። ካልተስማማችሁ «ያልታወቀ» ብለሽ ጻፊ፣ ስንት እንዳልታወቀም ሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ።