አስቸኳይ፦ ከኢስታንቡል ያመጣሁት የቡና መፍጫ ነከሰ፣ እንግዳ ቁጭ ብሏል!

የቧንቧ ውሃዋ (ጠያቂ)፦ ኧረ ድረሱልኝ! መፍጫው ነከሰ። እጀታው ንቅንቅ አይልም። ቡናው ተቆልቷል፣ ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል፣ ዘጠኝ እንግዳ እኔን እኔን ያያል። እናቴ ምንም ሳትናገር ሙቀጫውን አምጥታ አጠገቤ አስቀምጣለች። መፍጫው ቱርኮች በእጅ የሚያዞሩት ነው፤ ረጅም፣ ድብልብል፣ የነሐስ። ባለፈው ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄደን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት። ምን ላድርግ? ቶሎ በሉ!

ጦሳ ሥር፦ ሙቀጫ ምን አጠፋ? ወሎ ተወልደሽ ቡና በማሽን?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦ በጉልበት አታዙሪው፣ እጀታው ይሰበራል። የላይኛውን ክፍል ከታችኛው፣ ዱቄቱ ከሚጠራቀምበት፣ ለዪው። ገልብጠሽ እዪው፤ ሆዱ ላይ ብሎን ወይም ዳዶ አለ። እሱ ሲጠብቅ አልሞ ይፈጫል፣ ሲላላ ክክ ያደርገዋል። ግማሽ ዙር አላዪውና ሞክሪ።

የሐይቁ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ይህን ዕቃ ስታወጡ ጉምሩክ ምንም አላለም? ቱርክ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቁጥር 2863 የሚባል የቅርስ ሕግ አላት። ጥንታዊ ዕቃ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። አሮጌ ምንጣፍ የገዛ ሰው እንኳን ከሙዚየም ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ቱርኮች ለነገራቸው ይጠነቀቃሉ። የቡና ባህላቸውን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ላይ አስመዝግበዋል፤ ቡና ኢስታንቡል የገባው ደግሞ ገና በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እኛ ባለቤቶቹ ግን...

የቧንቧ ውሃዋ፦ ጋሼ፣ አሁን የሚያስፈልገኝ ሕግ ሳይሆን ካቻቢቴ ነው!! ወንድሜ ጎረቤት ሊዋስ ሄዷል።

ሰልባጅ ወዳጅ፦ ይቅርታ፣ ግን አንቲክ አይደለም። እንዲህ ያለው መፍጫ ቱርክ ውስጥ ዛሬም ይሠራል፤ ለቱሪስት ደርድረው ይሸጡታል። ጌጡን እዩት። በእጅ የተቀረጸ ከሆነ መስመሩ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ይላል። ሁሉም ልክክ ካለ የማሽን ነው። ተሸውዳችኋል።

የቧንቧ ውሃዋ፦ አሮጌ አልኩ እንጂ መቼ አንቲክ አልኩ? ካቻቢቴው እስኪመጣ ልንገራችሁ። ጣሪያ ያለው ትልቁ ገበያ፣ ካፓሊቻርሺ የሚሉት፣ እሁድ ዝግ መሆኑን የነገረን የለም። በሩ ላይ ደርሰን ተመለስን። ጓደኛዬ ስልኳን ስትጎረጉር ፌሪኮይ የሚባል የእሁድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አገኘች። በየጠረጴዛው የሌለ ነገር የለም። የማናውቀው ቤተሰብ የሰርግ ፎቶ፣ ሸክላ፣ ጣት አስገብተው የሚያዞሩት የቤት ስልክ። አንድ ሽማግሌ ጥግ ላይ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ይሄ መፍጫ ከፊታቸው። 900 ሊራ አሉ። ያቺ ጓደኛዬ ደሴ ገበያ ላይ እንደምታደርገው ፊቷን አዙራ መንገድ ስትጀምር በጥሪ መለሱን። በ600 ወሰድነው። ሻይም ጋበዙን።

ጦሳ ሥር፦ ቡናው ከዚህ ሄደ፣ መፍጫው ከዚያ መጣ። ምናለሽ ተራ ብትሄጂ ደግሞ በሩብ ዋጋ...

አብሽሪ፦ እኔም የምለው ሆዱ ላይ ያለውን ብሎን አላዪው ነው። ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ ወዲያው ይለቃል።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦ ዘይት እንዳታስነኪው! የሚጠጣ ነገር ነው። ሽታው ቡናው ላይ ይቀራል። ብሎኑን ደግሞ እኔ ብያለሁ።

የባቲ እናት፦ ልጄ፣ ቡናው በደንብ ተለቅሟል? ከገበያ የመጣ ቡና ጠጠር አያጣውም። ሙቀጫ ጠጠሩን ይደቁሰዋል፣ ጥርስ ያለው መፍጫ ግን ነክሶ ይቀራል። ቡናውን ገልብጪና ከታች በመዳፍሽ መታ መታ አድርጊው። ብሎኑ ሲላላ እጀታውን ወደ ኋላ ትንሽ መልሺ፣ ጠጠሩ ይወድቃል። ከምጣድ ትኩሱን አትጨምሪበት፣ ይብረድ። እስከዚያ ቆሎውን አቅርቢ እንጂ እንግዳ እንዲህ ይቀመጣል?

የቧንቧ ውሃዋ፦ እትዬ፣ የለቀመው የወንድሜ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነው 🙈 ደግሞ ትናንት መፍጫውን አቧራ ነበረበት ብዬ በኦሞ አጥቤው ነበር። እሱ ችግር አለው?

የኮምቦልቻው መካኒክ፦ ይሄን መጀመሪያ ብትነግሪን! ውጪው ነሐስ ነው እንጂ ጥርሱ ብረት ነው። ውሃ ሲነካውና ሲያድር ይዝጋል። ከለቀቀልሽ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። ከዚያ አንድ እፍኝ ጥሬ ሩዝ ፈጭተሽ ድፊው፣ ዝገቱን ይዞት ይወጣል። የመጀመሪያውን የቡና ዱቄትም ድፊው። ሁለተኛ ውሃ እንዳይነካው።

የባቲ እናት፦ እንደ ቱርኮቹም አታልሚው። የነሱ እንደ ፊኖ ዱቄት ነው። ጀበና ላይ እንደዚያ ከላመ አተላው ቶሎ አይረጋም፣ ስኒው ውስጥ ይገባል።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ካቻቢቴው መጣ። ብሎኑ ተንቀሳቀሰ!! ቆዩኝ

ሰልባጅ ወዳጅ፦ ጌጡን ፎቶ አንሺልን፣ አሮጌ ይሁን አዲስ እነግርሻለሁ።

ጦሳ ሥር፦ ግማሽ ሰዓት ሆነ እኮ። ፈጨ?

የባቲ እናት፦ ተዋት። በሙቀጫም ሆነ በመፍጫው አሁን ቶና ላይ ናት።

የሐይቁ፦ ለመሆኑ ፌሪኮይ በምን ይኬዳል? በመጪው ወር እኔም ልሄድ ነው።

ሰልባጅ ወዳጅ፦ ሕጉስ ጋሼ? 😄 ከታክሲም በኤም 2 ሜትሮ አንድ ፌርማታ ነው። ኦስማንቤይ ወርደው ከዚያ በእግር። እሁድ ይሁን ብቻ።