«ሥራ አስኪያጅ»ን «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ሲተካው ምን ተለወጠ?

ግስ ፈላጊ፦
ሰላም ለቤቱ። የአንድ አክሲዮን ማኅበር መዋቅር ወደ አማርኛ ሲመለስ የበላዩ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ»፣ ከሥሩ ያሉት አራቱ (በእንግሊዝኛው «ቺፍ ኦፊሰር» የሚባሉት) «ዋና መኮንን» ተብለዋል። «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ከነጭራሹ የለም። ያስኬዳል?

ሰምና ወርቅ፦
ከግሱ እንነሳ። ሄደ፣ አስኬደ፣ አስኪያጅ። ጥሬ ዕቃው ገባ ወይ፣ ፈረቃው ተሟላ ወይ፣ ደመወዙ ደረሰ ወይ እያለ ሥራው እንዳይቆም የሚያደርግ ሰው ነው። «አስፈጻሚ» ግን ከ«ፈጸመ» ነው፤ «አስ» ስትጨመርበት ባለቤቱ ራሱ አይፈጽምም፣ በሌላ እጅ ያስፈጽማል። አብዛኛውን ጊዜም የሚያስፈጽመው ሌላ አካል የወሰነውን ነው። «ሕግ አስፈጻሚ» የምንለው ሕጉን ያወጣው ሌላ ስለሆነ ነው። የእድር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነውን ያስፈጽማል።

ስለዚህ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ከ«ሥራ አስኪያጅ» ይልቅ የገዘፈ ሹመት ቢመስልም፣ ቃሉ ራሱ «በላዬ ቦርድ አለ» ይላል። የሥራው ጠባይም ወደዚያው ሄዷል። የዕለት ተዕለቱን ማስኬድ ለኦፕሬሽን ኃላፊው ትቶ፣ የበላዩ ሰው ጊዜውን ለስትራቴጂ፣ ለቦርድ ሪፖርትና ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያውላል። ባንክ ከሆነ ሹመቱ ራሱ የብሔራዊ ባንክን ይሁንታ ይጠይቃል።

ውል ጸሐፊ፦
በግሱ እስማማለሁ፤ ሕጉን ግን አትርሱ። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን ዋና ሥራ አስኪያጅ የማኅበሩ ተቀጣሪ ነው፣ የቦርድ አባል መሆን አይችልም ይል ነበር። የዚያ ሕግ የንግድ ማኅበራት ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክቷል፤ «ሥራ አስኪያጅ» ግን እስከ ዛሬ የንግድ ምዝገባ ቃል ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ቃለ ጉባኤው «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ብሎ፣ የምዝገባ ሰነዱ «ሥራ አስኪያጅ» ካለ፣ ሰውየው አንድ ቢሆንም ፊርማ ለማስቀየር ወይም ውክልና ለመስጠት ሲኬድ ጥያቄ ይነሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በምዝገባ ሰነዱ ሥራ አስኪያጅ የተባለው ዋና ሥራ አስፈጻሚ» የሚል አንድ ሐረግ ይግባበት።

ሌላም ቃል አለ፤ «የሥራ መሪ»። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን ከአዋጁ ወሰን ያወጣዋል። መለኪያው ደግሞ በር ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም። የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን አለው ወይ ተብሎ ነው የሚታየው። «ቺፍ» ተብሎ አንድ ሰው እንኳ መቅጠር የማይችል አለ። ትርጉም ስትሠሩ «የሥራ መሪ»ን ለማሳመር ብላችሁ «ሥራ አስኪያጅ» አታድርጉት፤ የሰው መብት ይቀይራል።

ግስ ፈላጊ፦
ገባኝ፤ እናመሰግናለን። «መኮንን»ስ?

ሰምና ወርቅ፦
እኔ አልወደውም። በግእዝ «ኰነነ» ፈረደ፣ ገዛ ነውና ዘሩ የከበረ ነው፤ የዛሬ ጆሮ ግን ወታደርና ፖሊስ ነው የሚሰማበት። «ዋና ኦፊሰር»ም ሌላ ችግር አለበት። በባንክ ቤት ቋንቋ «ኦፊሰር» የመካከለኛ ሠራተኛ ደረጃ ስለሆነ፣ «ዋና» ሲጨመርበት አንድ እርከን ከፍ ያለ ሠራተኛ ይመስላል። «ቺፍ ፋይናንስ ኦፊሰር» እያሉ እንዳለ የተዉት ቸልተኞች ስለሆኑ አይመስለኝም። አማርኛ ካስፈለገ «የፋይናንስ ዘርፍ ዋና ኃላፊ» ይሻላል፤ ዘርፉ ከፊት ሲመጣ «ዋና» የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ፊደል ገበታ፦
እግረ መንገዴን፣ በዚያው መዋቅር «ምክትል» እና «ተጠባባቂ» እንዳይምታቱ። «ምክትል» ከ«ተከተለ» ነው፤ ቋሚ ወንበር አለው፣ የበላዩ ቢኖርም ባይኖርም ምክትል ነው። «ተጠባባቂ» ወንበሩ ባለቤት እስኪያገኝ የሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ምክትሉ ተጠባባቂ ሆኖ ሲሠራ «ተጠባባቂ ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ይባላል እንጂ «ተጠባባቂ ምክትል» አይባልም። እንዲያ ከተጻፈ ክፍት የሆነው የምክትሉ ቦታ ነው ማለት ነው። «ተወካይ» ደግሞ በደብዳቤ ላይ በተዘረዘረው ጉዳይና ጊዜ ብቻ የሚፈርም ነው፤ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ካልተጻፈ መልሱት።