ሊብሬ የሌለውን ያገለገለ ሞተር ሳይክል በስሜ ማስመዝገብ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት ጎማ

ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ የማውቀው ሰው ያገለገለ ባለ 200 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዛሁ። እሱም ከሌላ ሰው የገዛው ሲሆን በመካከላቸው የተጻፈ ውል የለም፤ ሊብሬውን በጠየቅኩት ቁጥር «ቤት ስንቀይር ጠፋ» ይለኛል። ሞተሩ ታርጋ የለውም፤ ለዓመታት ግቢ ውስጥ በመቆሙም ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ሻንሲውም ዝጓል። ከዋጋው ግማሹን ከፍያለሁ፤ ቀሪውን በወሩ መጨረሻ ለመክፈል በቃል ተስማምተናል።

ያሰብኩት ሙሉ በሙሉ ፈትቼ፣ የሻንሲውን ዝገት በአሸዋ አስጠርጌና ቀለም አስቀብቼ፣ እንደ አዲስ ከገጠምኩት በኋላ ወደ ምዝገባው ለመሄድ ነበር። አንድ መካኒክ ግን ሊብሬ ያለው ተመሳሳይ የተጋጨ ሞተር በርካሽ ገዝቼ በዚያኛው ወረቀት እንድጠቀም መከረኝ። ምክሩ አላማረኝም፤ ሆኖም ሌላ መንገድ መኖሩን አላውቅም። በሽያጭ ውል ብቻ ሊብሬ ማውጣት ይቻላል ወይ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ የጋራዥ ሰው

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እባክዎን ሻንሲውን ለአሸዋ አይስጡት። የሻንሲ ቁጥሩ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ፣ ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል፣ በቀጥታ ብረቱ ላይ የተመታ ነው። ምቱ ጥልቅ ስላልሆነ በአሸዋ ከተፋቀ ወይም ወፍራም ቀለም ከተደረበበት ይደበዝዛል፤ የደበዘዘ ቁጥር ደግሞ መርማሪው ዘንድ ሆን ተብሎ ከተፋቀ ቁጥር አይለይም። ወረቀት የሌለው ሞተር ያለው መታወቂያ ያ ቁጥር ብቻ ነው። ቅባቱንና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያንሱ፣ ከጎን ብርሃን አብርተው በቅርብ ፎቶ ያንሱት፤ ወደ ጥገናው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ይሁን።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ሞተሮች የፊደላትና የአኃዞች ድምር 17 የሆነ ቁጥር አላቸው። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ካዩ ወይ አነባበብዎ ተሳስቷል፣ ወይ ቁጥሩ የፋብሪካ አይደለም። መነሻው አምራቹ ያለበትን አገር ይጠቁማል፦ ጄ ጃፓን፣ ኤል ቻይና፣ ዜድ ጣሊያን፣ ኤም ከዲ ወይም ከኢ ጋር ከሆነ ደግሞ ሕንድ ነው። በታንከሩ ላይ የጃፓን ስም ለጥፎ በሻንሲው ላይ የኤል መነሻ ያለው ሞተር ወዲያው ወንጀለኛ አይባልም፣ የጃፓን ኩባንያዎች በቻይናም ይሠራሉና፤ ሆኖም ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። አኃዞቹ እኩል ካልተራራቁ፣ በዙሪያቸው ብረቱ የተሞረደ ወይም የተበየደ ከመሰለ፣ ቀለሙም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ከሆነ ግን ቀሪውን ገንዘብ አይክፈሉ። የተፋቀ ቁጥር ጠፍቶ እንደማይቀርም ይወቁ፤ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚጨመቅ የፎረንሲክ ባለሙያዎች በአሲድ መልሰው ሊያወጡት ይችላሉ።

መልስ፦ ውል አንባቢ

በሽያጭ ውል ብቻ ይቻላል ወይ ለሚለው፣ በአብዛኛው አይቻልም፤ ውሉ የሚያስረዳው እርስዎ ከሻጩ መግዛትዎን እንጂ ሻጩ የመሸጥ መብት እንደነበረው አይደለም። ሊብሬ እንኳ በየአገሩ የሚሰጠው ክብደት ይለያያል። ለምሳሌ በብሪታንያ የመመዝገቢያ ደብተሩ ላይ የሰፈረው ሰው የተሽከርካሪው ተመዝጋቢ ያዥ ይባላል እንጂ ደብተሩ ራሱ የባለቤትነት ማስረጃ እንዳልሆነ በላዩ ተጽፏል።

«ወረቀት የለውም» የሚለው አነጋገር በጣም የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን ቀድሞ መለየት ይገባል። ወረቀቱ በእርግጥ ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ መዝገቡ በመሥሪያ ቤቱ አለና ምትክ ይወጣል። ነገር ግን ምትክ መጠየቅ የሚችለው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ወይም ሕጋዊ ወኪሉ እንጂ በእጁ ሞተሩን የያዘው ገዢ አይደለም፤ ስለዚህ እርስዎ መፈለግ ያለብዎት ሊብሬውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ወረቀቱ አበዳሪ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ «ጠፋ» የሚባል ሊብሬ ያለው ባንክ ውስጥ ነው፣ ዕዳው ካልተከፈለም ሞተሩን እርስዎ ቢጠግኑት እንኳ አበዳሪው ሊወስደው ይችላል። ጨርሶ ወረቀት ያልነበረውም አለ፦ ለውድድር ብቻ ተሠርቶ መብራትና ፍሬቻ ሳይኖረው የተሸጠ፣ ወይም ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ። የመጀመሪያው ለመንገድ የሚያበቃውን የቴክኒክ መስፈርት፣ ሁለተኛው የጉምሩክ ሰነድ ካላሟላ ባለቤቱ ቢገኝም አይመዘገብም። ኢንሹራንስ ካሣ ከፍሎበት ከመንገድ የተሰረዘና የተሰረቀም በዚሁ ስም ይሸጣሉ።

ስለዚህ ከማንም በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይሂዱ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበትም ያጣሩ፤ በፖሊስ ዘንድ እንደተሰረቀ የተመዘገበ መሆን አለመሆኑንም ያረጋግጡ። ሰውየው ጨርሶ ካልተገኘ አንዳንድ አገሮች ሌላ በር ይከፍታሉ፦ በፍርድ ቤት ውሳኔ፣ በቃለ መሐላ፣ ወይም በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እንደሚደረገው በዋስትና ሰነድ። በዚህ የመጨረሻው አሠራር ገዢው ከተሽከርካሪው ግምት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ የሚሆን ዋስትና ያስይዛል፤ እውነተኛ ባለቤት ለተወሰኑ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ለ3 ዓመት፣ ካልቀረበ ሰነዱ ከዋስትናው ነጻ ይሆናል።

የመካኒኩን ምክር በተመለከተ፣ የአንዱን ሞተር ወረቀት ለሌላው መጠቀም ሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ነው። እስካሁን እርስዎ ጥንቃቄ የጎደለው ገዢ ነዎት፤ ያን ካደረጉ ግን ተከሳሽ ነዎት።

መልስ፦ ሦስተኛው ገዢ

እኔ የገዛሁት ሞተር በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ከሞተ ቆይቶ ነበር። ስሙን ያገኘሁት በመቀመጫው ሥር ተጣጥፎ ከቀረ የድሮ የኢንሹራንስ ወረቀት ላይ ሲሆን፣ ወራሾቹ ስለ ሞተሩ ማወቃቸውንም እንጃ። ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው እስኪፈርሙልኝ ድረስ ሰባት ወር ፈጀብኝ፤ አንደኛው ፈርሞ ሌላዋ ውጭ አገር ስለነበረች ውክልና መጠበቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ወንበሩን፣ የመሣሪያ ማስቀመጫውንና የታርጋ ማሰሪያውን አካባቢ ይፈትሹ፤ ተለጣፊ፣ የጥገና ደረሰኝ፣ ማንኛውም ቁራጭ ወረቀት ይጠቅማል። ሻጩም ከእርስዎ ጋር ወደ ቀድሞው ሻጭ እንዲሄድ ያድርጉ፤ ቀሪው ገንዘብ በእጅዎ እስካለ ድረስ ይሄዳል።

መልስ፦ ቆጣቢ

ይህን ሁሉ ጣጣ ከማየት በታትኖ ዕቃውን መሸጥ አይሻልም?

መልስ፦ ውል አንባቢ

የተሰረቀ ከሆነ በክፍል ቢሸጥም የተሰረቀ ነው፤ ለሻጩ መመለስ የሚቻለውም ሙሉውን እስካለ ድረስ ነው።

ጠያቂው፦ ባለ ሁለት ጎማ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሸዋውን ትቼዋለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ሆኖ በንጽሕና ይነበባል፣ እንደተሰረቀም አልተመዘገበም። ሻጩን ይዤ የቀድሞውን ባለቤት አገኘሁት፤ በመዝገቡ ላይ ያለውም እሱው ነው፣ ምትክ ሊያወጣ ፈቃደኛ ሆኗል። ነገር ግን በእጁ ባለው የሊብሬ ፎቶ ኮፒ ላይ የሻንሲው ቁጥር ሲመሳሰል የኤንጂኑ ቁጥር አልተመሳሰለም። «ተቃጥሎብኝ ሌላ አስገጠምኩ» ይላል፤ ደረሰኝ የለውም።

መልስ፦ የጋራዥ ሰው

ኤንጂን የሚቀየር ዕቃ ስለሆነ የተለመደ ነው፤ የተሽከርካሪውን ማንነት የሚወስነው ሻንሲው ነው። ነገር ግን የተገጠመው ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ በኤንጂኑ ቤት ላይ የተመታውን ቁጥር ለብቻው እንደገና ያስጣሩ፣ እንዲሁም የገጠመውን ጋራዥ ፈልጎ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲያመጣ ያድርጉ። ለውጡን የቀድሞው ባለቤት በራሱ ስም አስመዝግቦ ምትክ ሊብሬው አዲሱን ቁጥር ይዞ ይውጣ፤ ስመ ሀብቱ ወደ እርስዎ የሚዛወረው ከዚያ በኋላ ይሁን። አስቀድሞ ከተዛወረ ልዩነቱን ለመርማሪው የሚያስረዱት እርስዎ ይሆናሉ።