በ18 ዓመቱ ፈርሞ ለምን ይመልሱታል?

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ጎበዝ። የአክስቴ ልጅ ካናዳ ሆኖ የበረዶ ሆኪ ቪዲዮ እየላከ ሱስ አስያዘኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንድ ወጣት ተጫዋች በ18 ዓመቱ በትልቅ ክለብ ተመርጦ ይፈርማል፣ 9 ጨዋታ ይጫወትና ወደ ታዳጊዎች ሊግ ይመልሱታል። ምን አጥፍቶ ነው?

መልስ (ባህር ዳር)፦ ምንም አላጠፋም ወንድሜ፣ ነገሩ የውል ጣጣ ነው። የመጀመሪያው ውል 3 ዓመት ነው፤ ልጁ 18 ወይም 19 ዓመቱ ከሆነና በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) 10 ጨዋታ ካልሞላ ያ ዓመት አይቆጠርም፣ ውሉ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይገፋል። ክለቡ አንድ ርካሽ ዓመት አተረፈ በለው።

መልስ (ፍኖተ ሰላም)፦ ብር ብቻ አይደለም እኮ! ሰውነቱም ገና አልጠናም። የ30 ዓመት ወጠምሻ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ሲያላትመው አስቡት። ኮነር ቤዳርድ እ.ኤ.አ. በ2023 አንደኛ ተመርጦ ቺካጎ ገባ፣ በዚያው የውድድር ዘመን መንጋጋው ተሰበረ። ተመልሶ 22 ጎል ይዞ ጨረሰና የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ሁሉም ግን ቤዳርድ አይደለም።

መልስ (ዳንግላ)፦ እኛ ገና ስንጫወት ቁርጭምጭሚታችን በዱላ ሲነረት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለን እናልፋለን፤ እነሱ በቡጢ ከተማቱ 5 ደቂቃ ያስወጧቸዋል፣ ከዚያ ተመልሰው ይጫወታሉ 😂