በ1971 ፎርድ ኤፍ-100 ላይ የማስታንግ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ መግጠም፦ ያላየሁት ምንድን ነው?

ሰማያዊ ፎርድ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የ1971 ፎርድ ኤፍ-100 ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ ባለ 8 ሲሊንደር 302 (መጠኑ በኪዩቢክ ኢንች) ነው። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) ከፋብሪካ የወጣችበት ባለ 3 ማርሽ ሲሆን የሚቀየረውም መሪው ሥር ባለው ዱላ ነው። ከገዛኋት 6 ዓመት ሆነኝ። የጋቢናዋን ወለል ዝገት ቆርጬ አዲስ ላሜራ የበየድኩት፣ ቀለሟንም የቀባሁት ራሴ ነኝ።

በየሁለት ሳምንቱ እናቴን ከሮአኖክ አመጣለሁ ወይም እመልሳለሁ። ጭንቀቱ የሚጀምረው 81 አውራ ጎዳና ላይ ስንገባ ነው። የዲፍረንሻሏ የጥርስ ምጣኔ 3.50፣ ጎማዋ 28 ኢንች ነው፤ በሰዓት 65 ማይል ስነዳ ሞተሯ በደቂቃ 2,700 ጊዜ ያህል ይዞራል። ከ3ኛ ማርሽ በላይ የምሄድበት የለም። እናቴ መንገድ ላይ ጨዋታ ትወዳለች፤ በዚያ ጩኸት ግን አንደማመጥም። ከስታውንተን በኋላ ዝም ትላለች፣ እኔንም ይከፋኛል።

ስለዚህ ከ1989 ማስታንግ 5.0 (5.0 ሊትሩም ያው 302 ነው) የወረደ፣ ቲ-5 የሚባል ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ገዛሁ። ጅራቱ ላይ የታሰረችው ቆርቆሮ በ1352 ትጀምራለች፤ ተከትለው ያሉት ቁጥሮችም ባለ 8 ሲሊንደሩ መሆኑን ያሳያሉ። 1ኛ ማርሹ 3.35፣ 4ኛው 1.00፣ 5ኛው 0.68 ነው። በስሌቴ በ65 ማይል የሞተሩ ዙር ወደ 1,850 ይወርዳል። የፍሪሲዮን ቤቱ፣ ቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ ባለ ጥርስ ጎማ)፣ ስፒንጂ ዲስኮው (የፍሪሲዮኑን ዲስክ የሚጫነው) እና ዲስኩም አብረው መጥተዋል። የሸጠኝ ሰው «ሁለቱም ሞተሮች 302 ናቸው፤ ቡሎኑን አስረህ መንዳት ነው» ብሎኛል።

ቅዳሜ ሥራውን ልጀምር ነው። የማርሽ ዱላው ወለሉ ላይ የት ጋ እንደሚወጣ አላውቅም። የእኔ ፔዳል ፍሪሲዮኑን የሚገፋው በብረት ዘንጎች ነው፤ የማስታንጉ ደግሞ በገመድ የሚሳብ ነው። እነዚህ ሁለቱ ገና ከአሁኑ ታይተውኛል። ሌላ ምን አለ? የሠራችሁት ካላችሁ ከመፍታቴ በፊት ንገሩኝ።

የድሮ መካኒክ (ዴንቨር)

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ምንም አትፍታ። መጀመሪያ ያንን ቮላኖ ከሌላው ዕቃ ለይተህ ጥግ አስቀምጠው።

ሁለቱም 302 ይባሉ እንጂ ሚዛናቸው የተለያየ ነው። ፎርድ እስከ 1981 የሠራቸው 302 ሞተሮች በ28 አውንስ-ኢንች የተመጣጠኑ ናቸው። ከ1982 ጀምሮ ያሉት 50 ናቸው። ቁጥሩ ሞተሩ ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን የሚጨመረው ክብደት ልክ ነው፤ ይህ ክብደት የሚገኘው ፊት ባለው ፑሌጅና ኋላ ባለው ቮላኖ ላይ ነው። የ1989ን ቮላኖ በ1971 ሞተር ላይ ብታስረው በሚኒሞ ላይ ብዙም ላይሰማህ ይችላል። ዙሩ ከፍ ሲል ግን መኪናው በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ውሎ አድሮም የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ኩሽኔታዎች ይበላቸዋል። አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ መኪና ይዞልኝ መጥቶ የሞተሩን ጎማ መቀመጫዎች ለወጥን፣ ካርቡራተሩን አስተካከልን፣ የካርዳኑን ዘንግ አስመዘንን። በመጨረሻ ካምቢዮውን ስናወርድ ነው ቮላኖው የሌላ ዘመን ሆኖ ያገኘነው። ያ ሰው የከፈለው ገንዘብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

«እንግዲያው የራሴን ቮላኖ ልመልሰው» ትል ይሆናል። ጥርሱን ቁጠር። የፒክአፑ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 164 ጥርስ ነው፤ የማስታንጉ የፍሪሲዮን ቤት ደግሞ የተሠራው ለባለ 157 ስለሆነ ውስጡ አይገባም። የሚያስፈልግህ 157 ጥርስ ያለው፣ ሚዛኑ 28 የሆነ ቮላኖ ነው። አዲሱ በገበያ ላይ አለ። ሞተሪኖውንም (የሞተር ማስነሻውን) ለባለ 157ና ለእጅ ማርሽ የሚሆነውን ግዛ፤ የአውቶማቲኩ አፍንጫ ልኩ ይለያል።

ካምቢዮውን ከመስቀልህ በፊት የፍሪሲዮን ቤቱን ብቻውን እሰርና መሃሉ ከክራንክሻፍቱ መሃል ጋር መግጠሙን በዲያል (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ መለኪያ) ለካ። ልዩነቱ ከ0.13 ሚሊሜትር ካለፈ፣ መሃላቸው የተዛነፈ ፒኖች ይሸጣሉ፣ በእነሱ ታስተካክለዋለህ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ 5ኛ ማርሽ ይዘላል፣ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ይጮሃል፣ ጥፋቱም በካምቢዮው ላይ ይደፈደፋል።

ዘይቱን ደግሞ አደራ። እኔ አዲስ አበባ የፊያት 682 ኤን3 ካምቢዮ ስፈታ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ እጄ የለመደው ወፍራሙን ዘይት ነው። ያንተ ግን ከ1985 ወዲህ የተሠራው ዓይነት ስለሆነ የሚፈልገው ቀጭኑን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፣ ሦስት ሊትር አይሞላም። ወፍራሙን ብትጨምርበት ጠዋት ጠዋት 2ኛ ማርሽ አልገባም ይልሃል።

ጭነት አመላላሽ (ዳላስ)

እኔ ከጋሼ ጋር በቮላኖው እስማማለሁ፤ በካምቢዮው ምርጫ ግን አልስማማም። ቲ-5 የቤት መኪና ካምቢዮ ነው። ክብደቱ 34 ኪሎ ገደማ ነው። እኔ በፒክአፔ ተጎታች ስለምስብ የመረጥኩት ከ1988 በኋላ በወጣው ኤፍ-150 ላይ የነበረውን ባለ 5 ማርሽ ኤም5አር2 ነው። የፍሪሲዮን ቤቱ ከካምቢዮው ጋር አንድ አካል ስለሆነ ከ302 ሞተርህ ጋር የሚገጥመውን መምረጥ የግድ ነው። የማርሽ ዱላው ለፒክአፕ መቀመጫ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ከባድ ጭነት የምትጭን ከሆነ ገንዘብህን ሳትጨርስ አስብበት።

የሲያትሏ

የእኔ የ1968 ናት፤ ቲ-5 ከገጠምኩላት 4 ዓመት አልፏል። ስለ ዱላው ልንገርህ። የማስታንጉ ዱላ የሚወጣው ወደ ኋላ ርቆ፣ ከረጅሙ መቀመጫ ጠርዝ ሥር ነው። 2ኛና 4ኛ ስታስገባ ጉልበትህን ትመታለህ። አንዳንዶች የኤስ-10 ፒክአፕን ጅራት ይገጥሙበታል፤ የዚያ ዱላ ወደ ፊት ቀረብ ያለ ነው፤ ነገር ግን ካምቢዮውን ከፍቶ ውስጡን መለወጥ ይጠይቃል። እኔ ዱላውን በእሳት አግዬ ወደ ፊት አጠፍኩት። መጀመሪያ መቀመጫውን በቦታው አሰርኩ፣ ተቀመጥኩበት፣ እጄን ዘርግቼ የሚመቸኝን ቦታ በቾክ ምልክት አደረግሁ፣ ከዚያ ነው ያጠፍኩት። ወለሉንም ከዚህ በፊት እንዳትቆርጠው፤ አንዴ የተቆረጠ ላሜራ መልሶ መበየድ እንዴት እንደሚያደክም ታውቀዋለህ።

ለፍሪሲዮኑ የመረጥኩት የዘይት ፖምፓ ነው። የላይኛውን ፖምፓ የሚሸከመው የጋቢናው ፊት ላሜራ ቀጭን ስለሆነ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ይለመጣል። ከውስጥ በኩል 3 ሚሊሜትር ብረት ደረብኩበት፣ ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

የካርዳኑን ዘንግ ልክ የምትወስደው ካምቢዮው በቋሚነት ከታሰረ፣ መኪናውም በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። ክሪክ ላይ ተሰቅሎ የተለካ ልክ ልክ አይደለም፤ ዲፍረንሻሉ ተንጠልጥሎ ባሌስትራው ስለሚዘረጋ ርቀቱ ይለወጣል።

ሰማያዊ ፎርድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ሁለቱን ቮላኖዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። የማስታንጉ ላይ ያለው ክብደት በዓይን የሚታይ ትልቅ ነው። የእኔን ጥርስ በቾክ እየነጠብኩ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ እንዳሉት 164 ነው። አዲሱን ባለ 28 አዝዣለሁ።

ወንድሜ ከዳላስ፣ ምክርህ ገብቶኛል። እኔ የምጭነው የእናቴን ሻንጣና አልፎ አልፎ አንድ ኩንታል ጤፍ ነው፤ ተጎታች የለኝም። በቲ-5 እቀጥላለሁ።

እኅቴ፣ ዱላውን ከመቀመጫው በፊት ላጥፈው ነበር። አመሰግናለሁ።

ሰማያዊ ፎርድ (ከ6 ሳምንት በኋላ)

ተገጠመ። በዲያል የተለካው ልዩነት 0.20 ስለነበር ፒኖቹን ለወጥኩ፤ አሁን 0.08 ነው። የካምቢዮው መቀመጫ አግዳሚ በሁለት አዲስ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ። ካርዳኑን በቶርኖ ቤት በልኩ አሠርቼ አስመዘንኩ። የዱላው መታጠፍ ሦስት ሙከራ ፈጀብኝ፤ አሁን እጄ ያለ ሐሳብ ያገኘዋል።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ተመለስኩ። በ65 ማይል፣ በ5ኛ ማርሽ፣ ሞተሩ 1,850 አካባቢ። ሃሪሰንበርግን አልፈን የአክስቴን ሠርግ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችኝ፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ዳገት ላይ ወደ 4ኛ ስመልስ «ምን ሆነ?» አለችኝ፣ ድምፁ ስለተለወጠ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የፍጥነት መለኪያዋ የምታሳየው 58 ነው፣ በስልኬ ግን 65 ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው ማርሽ 20 ጥርስ አላት።

የድሮ መካኒክ

እንኳን ደስ ያለህ። 20ን በ58 አባዛና ለ65 አካፍል፤ ወደ 18 ይመጣልሃል። ባለ 18 ጥርሷን እዘዝ። በአንዲት ቡሎን የታሰረች ናት፣ ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግህም። ስታወጣት ላስቲኳን አብረህ ለውጥ፣ አለበለዚያ በዚያ በኩል ዘይት ያንጠባጥባል።