የመምህር ምደባና ዝውውር በማን ይወሰን? በመመሪያ ወይስ በኅብረት ስምምነት? (ክርክር፣ ሰሜን ሸዋ)

ጥያቄውን ያነሣው፤ የፊዚክስ መምህር፣ መንዝ

ወገኖች፣ የዝውውር ወቅት ሲመጣ የተለመደው ሹክሹክታ አብሮ ይመጣል። «እገሌ ሰው አለው»፣ «የእገሊት ስም ከዝርዝሩ ወጣ»። እኔ ማንንም ማማት አልፈልግም። አንድ ነገር ግን በግልጽ እንከራከርበት። ምደባ፣ ዝውውርና የክፍለ ጊዜ ድልድል ከላይ በሚወርድ መመሪያና በወረዳ ውሳኔ ብቻ ይቀጥል? ወይስ የመምህራን ማኅበርና መንግሥት ቁጭ ብለው ተደራድረው በሚፈርሙት የኅብረት ስምምነት ይመራ?

እኔ በስምምነት ይመራ ባይ ነኝ። የተመረቅኩት በፊዚክስ ነው። የማስተምረው ግን ፊዚክስ፣ ሒሳብና የዜግነት ትምህርት ነው። የሒሳብ መምህሩ ለቅቆ ሲሄድ ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ለጊዜው ያዝልን» አሉኝ። ለጊዜው የተባለው እዚያው ቀረ። በቀን ውስጥ ከክፍል ክፍል ስሮጥ እውላለሁ። ላቦራቶሪ የሚባለው ክፍል ውስጥ ቮልቲሜትርና አሚትር ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። አውጥቼ ለልጆቹ የማሳይበት ጊዜ የለኝም። ማታ በባትሪ ብርሃን ደብተር አርማለሁ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢጨንቃቸው ነው። ችግሩ ሌላ ነው። «ከዚህ በላይ ክፍለ ጊዜ አይሰጥህም፤ ከተሰጠህ ይህን ያህል ይከፈልሃል» የሚል ሁለት ወገን የፈረመበት ወረቀት የለኝም። እምቢ ያለ መምህር ስሙ ይጠፋል። እሺ ያለው ደግሞ ሌላ ይጨመርለታል።

የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፣ ቆላ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን እስቲ እኔ ካለሁበት ወንበር ሆነህ እየው። የዝውውር ማመልከቻ አቅጣጫው ሁሌም አንድ ነው። ከጀማ ሸለቆ ወደ ደጋ፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከወረዳ ከተማ ወደ ደብረ ብርሃን። ከደብረ ብርሃን ወደ በረኸት ወይም ወደ ምዳ ልሂድ የሚል ማመልከቻ አይቼ አላውቅም።

አሁን ይህን በስምምነት ግዛው እንበል። ማኅበር የሚቆመው ለአባሉ ነው። አባሉ ደግሞ የአገልግሎት ዘመን ይቅደም ይላል። ያኔ ልምድ ያለው ሁሉ አስፋልት ዳር ይሰበሰባል። ቆላው በየዓመቱ ለጀማሪ ይቀራል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ታውቃላችሁ። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አገራዊው ቁጥር ይህ ከሆነ፣ መምህር የማይሰነብትበት የገጠር ትምህርት ቤት ልጅ ምን ዕድል አለው?

በዚህ የቀደሙን እንኳ ወደኋላ ተመልሰዋል። በኒው ዮርክ ከተማ ነባር መምህር በአገልግሎት ዘመኑ ብልጫ ክፍት ቦታ የሚይዝበት አሠራር በማኅበሩ ስምምነት ውስጥ ነበረ። በ2005 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ስምምነት ቀረ። ከዚያ ወዲህ መምህሩም ርዕሰ መምህሩም ሲስማሙ ነው ዝውውሩ የሚፈጸመው።

የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን

ክርክሩ ከመስፋቱ በፊት ሕጉ የት ላይ እንዳለ እንወቅ። የኅብረት ስምምነትን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይመለከትም። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግና ከዚያ በታች ባሉ መመሪያዎች ነው። ማኅበሩ የሙያ ማኅበር ነው። ይጠይቃል፣ ይመክራል፣ አቤት ይላል። አሠሪውን የሚያስገድድ ስምምነት ግን አይፈርምም።

በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ። አንቀጽ 42 በማኅበር የመደራጀትንና ከአሠሪ ጋር የመደራደርን መብት ሲዘረዝር፣ ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችንም ይጠቅሳል። የትኞቹ እንደሚጠቀሙበት በሕግ ይወሰናል ይላል። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የጋራ ድርድር መብትን የሚመለከቱትን ሁለቱን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች፣ ቁጥር 87ንና 98ን፣ በ1955 ተቀብላለች። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጡት የመምህራን ምክረ ሐሳብም ደመወዝና የሥራ ሁኔታ በድርድር ይወሰን ይላል። ምክረ ሐሳብ ስለሆነ አያስገድድም። ስለዚህ ጥያቄው «ይፈቀዳል ወይ» ብቻ አይደለም። መብቱ ከላይ ተጽፏል፤ መምህሩ ዘንድ ወርዶ ግን አልታየም።

የግል ትምህርት ቤት ባልደረቦች ግን በአዋጁ ትሸፈናላችሁ። አሥር ሠራተኛ ካለ ማኅበር መመሥረት ይቻላል።

የግል ትምህርት ቤት መምህርት

ይቻላል፣ አዎ። እኔ የሠራሁበት ቤት ግን ውሉ ለአሥር ወር ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የለም። ማኅበር እናቋቁም ብላ ያነሣችው ጓደኛችን በመስከረም አልተጠራችም። ማንም አላባረራትም፤ ውሉ አልታደሰም፤ በቃ። ስለዚህ ስለ ስምምነት ስታወሩ፣ የሚፈርመው ሰው በማግስቱ ሥራው ላይ እንዲቆይ የሚያደርገውን ነገር አብራችሁ አስቡ።

የአማርኛ መምህርት፣ ይፋት

እኔ ስለ ትዳር ልናገር፤ እስካሁን ማንም አላነሣውም። ባለቤቴ ምንጃር ነው የሚሠራው። እኔ ይፋት። ሁለታችንም ሰሜን ሸዋ ነን። ለማያውቀው ሰው ጎረቤት እንመስላለን። ግን ከዚህ ተነሥቶ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ እስከ አረርቲ መድረስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ያውም መንገዱ ክፍት ሲሆን፣ መኪናውም ሲገኝ። ልጄ አባቷን የምታውቀው በበዓል ነው። ከእኔ ጋር ስትሆን ደግሞ ሠራተኛ መቅጠር ስለማልችል የኋለኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣ የእኔን ክፍል ትማራለች።

የትዳር ዝውውር በየዓመቱ እሞላለሁ። ቅጹ አለ፤ የጋብቻ ወረቀት ይያያዛል፤ ማኅተም ይመታበታል። ነጥቤ ስንት እንደሆነ ግን ተለጥፎ አይቼ አላውቅም። ከእኔ ቀድሞ ማን አለፈ? በምን በለጠኝ? ብልጫው እውነተኛ ከሆነ እቀበላለሁ። ከእኔ የባሰ ችግር ያለበት ሰው መቼም አይጠፋም። የሚያቃጥለኝ አለማወቄ ነው።

አቶ ባለሙያ፣ ስምምነት ቢፈረም ቆላው ባዶ ይቀራል ብለዋል። አሁንስ ሞልቷል? የሄደው ሁሉ በስምምነት ነው የሄደው?

ወላጅ፣ መርሃቤቴ

እኛ ወላጆች ከማኅበሩም ከጽሕፈት ቤቱም ወገን አይደለንም። ልጄ ሚኒስትሪ በምትፈተንበት ዓመት የእንግሊዝኛ መምህሯ በጥቅምት መጣ፣ በየካቲት ሄደ። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሜዳ ላይ ነበሩ። መምህሩን አልወቅሰውም። ወጣት ልጅ ነው፤ ያረፈበት ቤት ጣሪያው ያፈስ ነበር። የሚጠጣውን ውኃ እንደኛው በጀሪካን ነው የሚያመጣው። እኛ ደግሞ ድንጋይ አቅርበን፣ እንጨት ቆርጠን የመምህራን ቤት ጀመርን። ግድግዳው ቆመ። ቆርቆሮው ከመንግሥት ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። በክረምት ጭቃው ታጥቦ ወረደ።

ስምምነቱ ይፈረም፤ አልቃወምም። ግን መምህር በዓመቱ አጋማሽ ጥሎ እንዳይሄድ ይጻፍበት። ለመኖሪያ ቤቱም ቆርቆሮ የሚያመጣው ማን እንደሆነ ይጻፍበት።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ልጆቼ፣ ማኅበሩ የትናንት ነገር አይደለም። ከ1941 ጀምሮ ያለ ነው። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ለደመወዝ ብቻ አልነበረም። የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ዕቅድ የድሀውን ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይዘልቅ ያደርጋል ብለን ነው። ወላጅም ከጎናችን ቆመ። መንግሥት ዕቅዱን ለመተው ተገደደ። ያኔ የኅብረት ስምምነት የሚባል ነገር አልነበረንም። አባሉ የሚያምነው ማኅበር ግን ነበረን።

ከዚያ በኋላ የሆነውንም አትርሱ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደሰማያት ከ1988 እስከ 1994 እስር ቤት ቆይተዋል። ማኅበሩም ለሁለት ተከፍሎ በስሙና በንብረቱ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ኖረ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተደራዳሪው አሠሪውን የሚፈራ ከሆነ፣ ወይም ነገ ከአሠሪው ሹመት የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚፈርመው ስምምነት መመሪያው ራሱ ነው፤ ስሙ ብቻ ይቀየራል። መዋጮ በየወሩ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። በወረዳችሁ የማኅበሩ ምርጫ መቼ እንደተካሄደ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት መምህር

ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔም ተዘጋ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተሸጋሸግኩ። ደብዳቤው በሁለት መስመር የተጻፈ ነው። መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ማደሪያ አለ ወይ? ማንም አልጠየቀም። ብትሄድ በአንደኛው ወገን ትጠየቃለህ፤ ብትቀር በሌላኛው ትጠየቃለህ። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት አንቀጽ ይህ ነው፦ መንገዱና ቦታው ሰላም መሆኑ ሳይረጋገጥ መምህር አይመደብም፤ በዚህ ምክንያት የዘገየ መምህር ደመወዙ አይቆረጥም። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

የፊዚክስ መምህሩ፣ መንዝ

ጋሼ ያሉት ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ማኅበሩ እስኪጠነክር ብለን ስምምነቱን ካቆየነው ማኅበሩም አይጠነክርም። መምህሩ ወደ ማኅበሩ የማይጠጋው በእጁ የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ነው። ተደራድሮ አንድ ገጽ ያስፈረመ ማኅበር ምርጫው ላይ አዳራሹ ይሞላል።

ለባለሙያው ልመልስ። የኒው ዮርኩን ጥሩ አድርገው አነሡት። ግን ያንን አሠራር የቀየረው ከላይ የወረደ ደብዳቤ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ነው የቀየሩት። እኔም የምለው ያንኑ ነው። ወደ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እንይ። የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽኑና ማኅበሩ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአራት ዓመት ስምምነት ፈረሙ፤ ለመምህራኑ ደመወዝ ተሻሻለ። ከዚያ በ2018 እ.ኤ.አ. ኮሚሽኑ መምህራንን ከትውልድ አካባቢያቸው አርቆ ማዛወር ጀመረ። ማኅበሩ ጮኸ። ኮሚሽኑ ምደባ የእኔ ሥልጣን ነው አለ። ከዚህ የምወስደው ምደባው ራሱ ስምምነቱ ውስጥ በግልጽ ይግባ የሚለውን ነው። ደመወዝ ብቻ ተደራድሮ መነሣት አይበቃም።

የአገልግሎት ዘመን ብቻውን ይቅደም አላልኩም፤ አልልምም። ቆላ ወይም ሩቅ ገጠር የሠራ መምህር የተወሰነ ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያው ተራ የእሱ ይሁን። ገና ሲገባ መውጫውን ይወቅ። መውጫውን የሚያውቅ ሰው ቤት ይጠግናል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ክበብ ያቋቁማል። የማያውቅ ሰው ልቡ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ነው የሚያድረው። የወላጁንም ጥያቄ እቀበላለሁ። ዝውውር በክረምት ብቻ ይሁን።

የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፣ ቆላ

መውጫ ዓመቱ ላይ አልጣላህም። እንዲያውም ቢሮዬን ከጭቅጭቅ ያሳርፈዋል። ትርፍ ክፍለ ጊዜ ይከፈል ስትል ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የወረዳ በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል እንኳ ወረዳዎች እንዴት እንደተጨነቁ አውቃለሁ። የማልከፍለውን ነገር ብፈርም ነገ ውሸታም እሆናለሁ። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር ይጻፍ እላለሁ። ዝውውር የተፈቀደለት መምህር ተተኪ እስኪመጣ አይልቀቅ። እሱ ከሌለ የልጆቹ ክፍል ባዶ ነው።

የአማርኛ መምህርት፣ ይፋት

«ተተኪ እስኪመጣ!» እኔን ያሰረኝ ይኸው ነው። አንድ ዓመት ተፈቅዶልኝ ነበር። ደብዳቤው እጄ ገባ። ተተኪ እስኪመጣ ጠብቂ ተባልኩ። ተተኪው አልመጣም፤ ደብዳቤውም ጊዜው አለፈበት። በአዲስ ዓመት አዲስ ቅጽ ሞላሁ። ተተኪ መፈለግ የማን ሥራ ነው? የእኔ አይደለም። ያልተሠራው የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ የምታሰረው ግን እኔ ነኝ።

ባዶ ክፍል ይቅር ማለቴ አይደለም። እኔም እናት ነኝ፤ የወላጁ ነገር ገብቶኛል። ቀን ይቆረጥለት ነው የምለው። በሰኔ የተፈቀደ ዝውውር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይፈጸም። ካልተፈጸመ ለምን እንዳልተፈጸመ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ የማኅበሩ ተወካይም ግልባጩን ይያዝ። በሁለተኛው ዓመት ያለ ተጨማሪ ውድድር የመጀመሪያዋ ተዘዋዋሪ እኔ ልሁን። የነጥብ ዝርዝሩም በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስም አጠገብ ነጥብ፣ ነጥብ አጠገብ ምክንያት። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወረቀትና ማጣበቂያ ነው። አቶ ባለሙያ፣ በጀት ነው ችግሩ ብለዋልና ይህን አሁኑኑ በወረዳዎ መጀመር ይችላሉ?

የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፣ ቆላ

ሰሌዳውን እችላለሁ። የነሐሴውን ቀን ግን ብቻዬን አልወስነውም፤ ዞኑ መስማማት አለበት። ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከማኅበሩ ተወካይ ጋር ሆነን ለዞኑ እናቀርበዋለን።