በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ለሚደረግ የሠርግ ድግስ ፍላሽ ወዴት ይዙር?

ጠያቂ (ሐረር፣ ጀጎል)
ሰላም ለሁላችሁ። የጎረቤቴን ልጅ ሠርግ ፎቶ እንዳነሣ አደራ ተሰጥቶኛል፤ ድግሱም ምሽት ላይ በባህላዊ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ነደባው (ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ተቀምጠው ፍላሹን ፊት ለፊት ባበራ ፊታቸው ያብረቀርቃል፣ ጥላቸው ግድግዳው ላይ ጠቁሮ ይወድቃል፣ ከበስተኋላቸው የተሰቀሉት ስፌቶችም በጨለማ ይዋጣሉ። ወደ ጣሪያ ሳዞረው ደግሞ ጥቁሩ እንጨት ብርሃኑን ያስቀረዋል። ያለኝ አንድ ፍላሽና ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብቻ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ድሬዳዋ)
ጣሪያውን ይተዉትና ፍላሹን በጎንዎ ወዳለው ነጭ ግድግዳ ያዙሩት። ከትንሿ ፍላሽ የወጣው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሰፍቶ ስለሚመለስ፣ ሙሽራዋ በትልቅ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ያህል ፊቷ ይለሰልሳል፤ ላቡም አያብረቀርቅም። ወደ ቀዩ ነደባ ግን እንዳያዞሩት አደራ፤ ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ስለሚመለስ ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ይቀላል።

ስፌቶቹ እንዲታዩ ሹተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚያስገባውን መዝጊያ) ያዘግዩ። ፍላሹ በቅጽበት ብልጭ ብሎ ስለሚጠፋ ፊቱን የሚያበራው እሱ ነው፤ የክፍሉን መብራት የሚሰበስበው ግን የሹተሩ ቆይታ ነው። ከ1/250 ሰከንድ ወደ 1/50 ሰከንድ ቢወርዱ ከክፍሉ የሚገባው ብርሃን አምስት እጥፍ ይሆናል። እኔ በአይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅሙ) 1600፣ በኤፍ 4 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና በ1/50 እጀምርና የፊቱን ብርሃን በፍላሹ ኃይል ብቻ አስተካክላለሁ።

ሌላ መልስ (ሐረር)
በግድግዳው እስማማለሁ። 1/50 ግን ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለጭፈራ አይሆንም፤ እጅና ሻሽ ይደበዝዛሉ። ለጭፈራው 1/100 ያድርጉና አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ፣ የፍላሹን ኃይል በግማሽ ዝቅ ያድርጉ። ከ1/100 በላይ ባይፈጥኑም ይሻላል፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፣ በፈጣን ሹተር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር የሚጋደመውም በዚህ ነው። አምፖሎቹ ቢጫ ከሆኑ ደግሞ ፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ጄል (ብርሃን የሚያሳልፍ ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) ይለጥፉና የካሜራውን ነጭ ሚዛን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) ወደ አምፖል ምልክት ይቀይሩ፤ ያለዚያ ፊቱ ትክክል ሲሆን ክፍሉ በሙሉ ብርቱካን ይመስላል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ቢተከልስ?

መልስ (ድሬዳዋ)
ሸራው ነጭና ዝቅ ያለ ከሆነ ፍላሹን ወደ ሸራው ያዙሩት። ባለቀለም ከሆነ ግን ፍላሹን ከካሜራው ነቅለው በገመድ አልባ ማስነሻ ለረዳት ያስይዙ፣ በነጭ ጃንጥላም ያሳልፉት። ረዳቱ ቀረብ ይበል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና።